ጎንደርን ጎራ ብሎ ማየት ያዋጣልን?

ለሠርግም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ከነቤተሰቡ ባሕር ዳር የደረሰ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም። ይኸውም «እዚህ ድረስ ከመጣን አይቀር፣ ጎንደርን ሳናይ እንመለስን?» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን የሚያነሱት የፋሲልን ግንብ በሥዕል ያዩ ልጆች ናቸው። መልሱ የሚያስጨንቀው ግን የቤቱን ወጪ የምትቆጣጠረውን እናትና የዕረፍት ፈቃዱ ሊያልቅ የተቃረበውን አባት ነው። የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ሒሳብ ሲደመር ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ጉዞው ለየትኛው ቤተሰብ እንደሚያዋጣና ለየትኛው እንደማያዋጣ ግራ ቀኙን አይተን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መንገዱ እናንሣ። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራዝና በማክሰኝት አልፎ በአዘዞ በኩል ከተማዋ ይገባል። ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገዱ የተቋረጠባቸው ጊዜያት መኖራቸው የታወቀ ነው። በመሆኑም ከመነሣትዎ በፊት በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችን፣ እንዲሁም ጎንደር የሚኖር ዘመድ ካለዎት እርሱን ደውለው ይጠይቁ። መንገዱ አስተማማኝ ነው የሚል ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኙ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ልጆች ይዞ «እንደ ዕድላችን ይሁን» ማለት አይገባም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ሁለተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። በማለዳ ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል የሚሉ አሉ። መቻሉን ይቻላል፤ ነገር ግን ሕፃናት ከመኪና ሳይወርዱ ይደክማሉ፤ እናትም ግንቡን ከማየት ይልቅ የሚያለቅሰውን ስታባብል ትውላለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ገንዘቡም ይወጣል፣ ከተማይቱም ሳትታይ ትቀራለች። በእኛ አስተያየት ጎንደር ሁለት አዳር ለሚሰጣት ቤተሰብ ታዋጣለች። ሁለት አዳር የማይገኝ ከሆነ ግን ባሕር ዳር ላይ ሐይቁን አይቶ መመለስ ይሻላል። የጣናን ጀልባ መሳፈር ብቻውን ለልጆች ትልቅ ነገር ነው።

ለምን ሁለት አዳር እንዳልን ደግሞ እናብራራ። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት ተቆርቁራ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የነገሥታት መናገሻ ሆና የቆየች ከተማ ናት። በቅጥሩ ውስጥ የሚታየው አንድ ግንብ ብቻ አይደለም። የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉልላቶች በአራት ማዕዘኑ ከቆሙት ከአፄ ፋሲል ግንብ ሌላ፣ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች፣ የአንበሶችም ቤት ሳይቀር ይገኛል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡም የሚያኮራ ነው። አንዳንዱ ሕንፃ ጣራ የለውም፤ ከጉዳቱ ከፊሉ የደረሰው በ1934 ዓ.ም. ከተማይቱ ከጣልያን ጦር እስክትላቀቅ ድረስ በተካሄደው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ነው። ልጆች «ጣራው የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ ይህንኑ ቢነግሯቸው፣ ጦርነት ምን እንደሚያጠፋ ከብዙ ምክር ይልቅ በዓይናቸው ያያሉ።

የመጀመሪያው ቀን ለዚህ ቅጥርና ከከተማው ዝቅ ብሎ ለሚገኘው የፋሲል መዋኛ ይበቃል። መዋኛው በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። በሌላ ጊዜ ሲሄዱ ደረቅ ሆኖ ቢያገኙት አይዘኑ፤ የዛፎቹ ሥሮች የድንጋዩን አጥር አቅፈው መያዛቸው ብቻውን የሚታይ ነው።

ለሁለተኛው ቀን የምንመርጠው ግን ብዙ ጎብኚ ቸኩሎ የሚያልፈውን ቁስቋምን ነው። በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች ይህን እንዳትዘነጉ አደራ እንላለን። ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ነው። ከቋራ የመጡት እቴጌ፣ ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፣ ዘውድ ደፍተው መንግሥቱን ከልጃቸው ጋር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ከከተማው ራቅ ብሎ በኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ጣና ላይ በደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴም የእርሳቸው ናት። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ስለ ነበረ፣ በቁስቋም ግቢ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆች እንዲያስታምም ተደርጓል። ልጅ ሲታመም የእናትና የአያት ጭንቀት በቤተ መንግሥትም በጎጆም አንድ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስታውሰናል። ዛሬ ግቢው ከፊሉ ፍርስራሽ ነው፤ ቢሆንም ከዚያ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል ማየት ድካምን ያስረሳል።

ከቁስቋም መልስ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማየት ተገቢ ነው። በጣራው ላይ በረድፍ የተሣሉት ባለ ክንፍ መላእክት ፊታቸው እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ ልጆች እየቆጠሩ ይጫወታሉ። በ1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር ከተማዋን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ ተከላክሎ አዳናት ይባላል። ነጠላና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ መያዝ እንዳይረሳ።

ጊዜ ከተረፈ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ አለች። ይህች መንደር ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች ናት፤ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ወለቃ በሴቶች የሸክላ ሥራ የታወቀች ስለሆነች፣ ለቤት የሚሆን ማስታወሻ ሲገዙ ገንዘብዎ ለሠራተኛዋ በቀጥታ መድረሱን ቢያረጋግጡ መልካም ነው።

እንግዲህ ቁርጡን ለመናገር፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን የያዘች እናት፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አረጋውያንን ያስከተለ ቤተሰብ፣ ወይም አንድ ቀን ብቻ የቀረው መንገደኛ ጉዞውን ቢያዘገይ አይጎዳም። ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ቢሄድ አይቆጭም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ዝናቡ አቁሞ አገሩ ገና ለምለም ስለሚሆን ወቅቱ ምቹ ነው። የጥምቀት ሰሞን በዓሉ እጅግ ያማረ ቢሆንም አልጋ ይጠፋል፤ ግፊያውም ለሕፃናት አይመችም።

ሲሄዱም ጥቂት ነገር አይዘንጉ፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ማታ ይበርዳልና ለልጆች ሹራብ ይያዙ። የግንቡ ደረጃዎች የተላሱና በአንዳንድ ስፍራ መደገፊያ የሌላቸው ስለሆኑ የትንንሾቹን እጅ አይልቀቁ። ውኃና ዳቦ ቆሎ ከቤት ቢይዙ ወጪው ይቀንሳል። ስለ ሕንፃዎቹ የሚያስረዳ አስጎብኚ ሲይዙ ዋጋውን አስቀድመው ይስማሙ፤ ስለ ምንትዋብም እንዲነግራችሁ ይጠይቁት። ያን ጊዜ ሴት ልጅዎ የምትመለሰው የነገሥታትን ግንብ አይታ ብቻ ሳይሆን፣ ግንብ ካሠሩት መካከል አንዷ እናት መሆኗንም አውቃ ነው።