ለአምስት አንድ ጉዳይ

አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ሰዓት ነበር። እሑድ እሑድ አጎቴ በርጩማ ላይ ወጥቶ በቁልፉ ይሞላዋል፤ እኔ በርጩማውን እይዛለሁ። ፊቱ ላይ የነበሩት የሮማውያን ቁጥሮች ናቸው፦ አንዱ ዘንግ፣ አምስቱ ባላ፣ አሥሩ የተጠላለፉ ሁለት በትሮች። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። እኔ የማውቀው የወንድ አያቴን ዳዊት ነበር። ዳዊቱ ላይ ፲ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ራሱም እግሩም ላይ ሠረዝ ያለው ምልክት ነው። የሰዓቱ የመጀመሪያ ቁጥርም እንዲሁ ቆብና ጫማ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ስለዚህ አንዱን "አሥር"፣ ሁለቱን "ሃያ"፣ ሦስቱን "ሠላሳ" ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ስሕተቴ ሥር እንዳለው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የግዕዝ ቁጥሮች የተገኙት ከግሪክ ፊደላት ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን ለቁጥር ሲያውሉ አልፋን ለአንድ፣ ቤታን ለሁለት እያሉ ሄደው ዮታን ለአሥር ሰጡ፤ የእኛ ፲ ያቺው ዮታ ናት። ሮማውያን ደግሞ እንዲያ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ለአንድ አደረጉት። ሁለት ቤት ያደረ አንድ ዘንግ ማለት ነው።

ሴት አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰዓት ግን አይስቱም ነበር። ትንሹ ቆጣሪ ወዴት እንደዞረ ያያሉ እንጂ ቁጥሩን ልብ አይሉትም። ቆጣሪው ባላውና ሁለቱ ዘንግ ላይ፣ ማለትም ሰባት ላይ ሲያርፍ "አንድ ሰዓት ሆነ" ይላሉ። ሁላችንም የምንለው እንዲሁ ነው፤ ሰባትን እያየን አንድ፣ አሥራ ሁለትን እያየን ስድስት። የውጭ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል። የጥንቱን ሮማዊ ግን ግር ባላለው ነበር። እሱም የቀኑን ሰዓት የሚቆጥረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ስለነበር እኩለ ቀን ለእሱም ስድስት ሰዓት ነው። በወንጌል የስቅለቱ ጨለማ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን አማርኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ለዚህ ነው።

የሮማውያን ቁጥሮችን ደንብ ያስጨበጠኝም የገዛ አነጋገራችን ነው። ዘንጓ ከባላው በስተቀኝ ስትቆም ትደመራለች፤ ስድስት ይሆናል። በስተግራ ስትቆም ትቀነሳለች፤ አራት ይሆናል። ልጆች ይህን በደንብ መልክ ሲሰሙት ይጨነቃሉ። ዳሩ ግን "ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ" እያለ ያደገ ልጅ ነገሩን ከቤቱ ያውቀዋል። በስተግራ የቆመው ጉዳዩ ነው። አራት ለአምስት አንድ ጉዳይ፣ ዘጠኝ ለአሥር አንድ ጉዳይ፣ አርባ ለሃምሳ አሥር ጉዳይ፣ ዘጠና ለመቶ አሥር ጉዳይ። ለእህቴ ልጅ እንዲህ ብዬ ስነግራት እስኪርብቶዋን አንሥታ እስከ አርባ ያለ ስሕተት ጻፈች። 49 ላይ ስትደርስ "ለሃምሳ አንድ ጉዳይ" ብላ ዘንጓን ከሃምሳው ፊት አቆመቻት። እዚህ ላይ ደንቡ ጠበቅ ይላል፤ አንድ የሚጎድለው ከአምስትና ከአሥር ብቻ ነው። አርባው ለብቻው፣ ዘጠኙም ለብቻው ይጻፋል። ሰርዛ ደግማ ጻፈችው።

የሮማ ቁጥር ሲነሣ ትዝ የሚለኝ ቦታም አለ፤ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በእ.ኤ.አ. 1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ፋሺስቶች ዘመናቸውን ከዚያ እየቆጠሩ በሮማ ቁጥር ይጽፉ ነበር። አዲስ አበባ የገቡበት የእ.ኤ.አ. 1936 ሜይ የእነርሱ 14ኛ ዓመት ነው፤ አሥር፣ ከዚያም ለአምስት አንድ ጉዳይ። ኢምፓየር አወጅን ብለው ደግሞ ሌላ ቆጠራ ከአንድ ጀመሩ። ይኸኛው ቆጠራ አዲስ አበባ ላይ ባላው ላይ እንደደረሰ ቆመ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ገና አምስተኛ ዓመታቸው ነበር። ከድል በኋላ የደረጃው ጫፍ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ፤ ድንጋይ ላይ የተቆጠረ ዘመን እንዲህ ቀና ብሎ በሌላ እጅ ሲዘጋ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከዚያው ከጣሊያን ጋር ከተያያዘ ሌላ ዓመት አንድ ነገር አግኝቻለሁ። የዓድዋውን ዓመት፣ 1888ን፣ በሮማ ቁጥር ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ሺው አንድ፣ አምስት መቶው አንድ፣ መቶዎቹ ሦስት፣ ሃምሳው አንድ፣ አሥሮቹ ሦስት፣ ባላው አንድ፣ ዘንጎቹ ሦስት፤ ባጠቃላይ 13 ምልክት። እስከ ዛሬ ካለፉት ዓመቶች ሁሉ በሮማ ቁጥር ሲጻፍ የዚህን ያህል የሚረዝም የለም፤ የሚበልጠው 2888 ነው። በግዕዝ ግን ፲፰፻፹፰፣ አምስት ምልክት ብቻ።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አሥራ ስምንት፣ መቶ፣ ሰማንያ፣ ስምንት። ምልክቱና አፋችን እግር በእግር ነው የሚሄዱት። ግዕዝ ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ አሥር መቶ፣ ፲፻፣ ብሎ ይጽፈዋል። ሽማግሌዎች "በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት ጣሊያን ሲገባ" ሲሉ ፲፱፻፳፰ን ያላዩት እንኳ እያነበቡት ነው። ይህ አንድነት የላላው አዲሱ ሺህ ሲገባ ይመስለኛል። ፳፻ በግዕዝ እስራ ምእት፣ ሃያ መቶ ነው፤ እኛ ግን "ሁለት ሺህ" አልን። እጅ ሃያ መቶ ሲጽፍ አፍ ሁለት ሺህ ይላል።

ከዚያ ወዲህ 12ን ፩፪ ብለው የጻፉ ማስታወቂያዎች አይቻለሁ፤ ዓይኔን ይቆረቁረኛል። አሥራ ሁለት ፲፪ ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ አሥር ራሱን ችሎ የቆመ ምልክት እንጂ አንድና ባዶ ቦታ አይደለም። ሃያዎቹን ምልክቶች ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ የእህቴ ልጅ የሮማውን በያዘችበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋቸዋለች። ፮ና ፯ ይምታቱባት ነበር፤ አሁን ለየቻቸው።

ሰዓቱ ዛሬ እኔ ቤት ነው። አራትን የጻፈው በባላ ሳይሆን በአራት ዘንግ ነው፤ የብዙ ሰዓቶች ፊት እንዲህ ነው፣ የለንደኑ ቢግ ቤን ግን በባላው ከሚጽፉት ወገን ነው። እኔ አራቱን ዘንግ እወዳቸዋለሁ፤ ተደርድረው ሲታዩ የአያቴን አጥር ይመስላሉ። ትንሹ ቆጣሪ እዚያ አጥር ላይ ሲያርፍ በሩ ይከፈትና የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ትገባለች። ቀና ብላ ታየዋለች፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ "አሥር ሰዓት" ትላለች።