ከነተከራይዋ የተገዛ ቤት

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋብዘውኝ ወደ ዋሺንግተን ከተማ ሄጄ ነበር። አጎቴ ታክሲ እየነዱ፣ ባለቤታቸውም በሆስፒታል ረዳትነት እየሠሩ ልጆች ያሳደጉ፣ ከኻያ ዓመት በላይ በኪራይ ቤት የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ነጩን ቤተ መንግሥትና ሙዚየሞቹን አያለሁ ብዬ ስሄድ፣ እሳቸው በዚያው ሰሞን ቤት ለመግዛት ይዞሩ ኖሮ፣ እኔንም አስከትለው የሰው ቤት ደረጃ ሲያስወጡኝና ሲያስወርዱኝ ሰነበቱ። አሁን ሳስበው ከተማይቱን ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም።

ዘወትር የምንነሣው ዘጠነኛው መንገድ ዩ ከሚባለው መንገድ ከሚገናኝበት አካባቢ ነው። በዚያ በየደጃፉ የአማርኛ ጽሕፈት ይታያል፤ በርበሬና እንጀራም እንደ ልብ ይገኛል። ሰፈሩ ግን ከእኛ በፊት ባለቤት ነበረው። በ1867 የተመሠረተው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)፤ ታላቁ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተንም ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ሁከት ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፤ ሰፈሩም ለብዙ ዘመን ተጎድቶ ቆየ። በ1991 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተከፈተለት። በ2005 ግድም «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ይህን ያጫወቱኝ አጎቴ ናቸው። «እውነት አላቸው» አሉኝ፤ «እንግዳ የተቀበለውን ሰው ቤት በራሱ ስም አይጠራም።»

ከዩኒቨርሲቲው በስተምሥራቅ ጥቂት ራቅ ብሎ ብራያንት የሚባል መንገድ አለ። የታሪክ አስተማሪ በመሆኔ አጎቴን ለምኜ ሄጄ አየሁት። በ1940ዎቹ ዓመታት ጄምስና ሜሪ ኸርድ የተባሉ ባልና ሚስት በዚህ መንገድ ቤት ገዝተው ነበር። በዚያ በነበሩት በብዙዎቹ ቤቶች ላይ ግን፣ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጡና እንዳይከራዩ የሚከለክል ውል ከ1906 ጀምሮ ተጽፎባቸው ኖሯል። ጎረቤቶች ከሰሱ፤ የበታች ፍርድ ቤቶችም ግዢውን አፍርሰው ቤቱን ለቃችሁ ውጡ ብለው ፈረዱ። ጠበቃው ቻርልስ ሐሚልተን ሂውስተን ነገሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም ተብሎ ተወሰነ። ዛሬ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ቆሜ ስመለከተው ግን፣ ቤት መግዛት በአንዳንድ አገር የገንዘብ ነገር ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ ተረዳሁ።

አጎቴ ቤት ያገኙት ከዚህ በስተሰሜን፣ የጆርጂያን ጎዳና ተከትሎ በሚደረስበት ፔትወርዝ በሚባለው ሰፈር ነው። ቤቶቹ በቀይ ጡብ የተሠሩ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ ናቸው፤ የአንዱ ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ ስለ ሆነ፣ የጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ ወዲህ ይሰማል። በአንዱ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ጋዜጣ ያነባሉ፤ በሁለተኛው የኤል ሳልቫዶር ተወላጆች ፑፑሳ የሚሉትን ቂጣቸውን ይጠብሳሉ፤ በሦስተኛው በቅርቡ የገቡ ወጣት ነጭ ባልና ሚስት አበባ ያጠጣሉ።

ለመሆኑ ደመወዝተኛ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት በምን ይገዛዋል? ብልሃቱ ቤቱ ከአንድ በላይ መኖሪያ ያለው መሆኑ ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ገዢው ራሱ ከሚኖርበትና ከአራት መኖሪያ ለማይበልጥ ቤት ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ይኸው መሥሪያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ለጥቁሮች ሰፈር ዋስ አልሆንም ይል እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ ብቁ የሆነ ገዢ ከዋጋው ከመቶ ሦስት ተኩል አስቀድሞ ይከፍላል፤ ለምሳሌ ለ600,000 ዶላር ቤት 21,000 ዶላር መሆኑ ነው። የቀረውን በ30 ዓመት ከነወለዱ ይከፍላል። ባንኩም ከተከራይ ከሚጠበቀው ገንዘብ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ እንደ ገቢ ይቈጥርለታል። በዚህ ላይ የከተማው ግብር አለ፤ ከግምቱ በየመቶ ዶላሩ 85 ሳንቲም፣ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ከሚደረገው ቅናሽ በፊት። ኢንሹራንሱና የማከራያ ፈቃዱም አይቀርም።

አጎቴ የመረጡት ቤት ላይኛው ለቤተሰባቸው፣ ምድር ቤቱ ለተከራይ የሚሆን ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ ግን ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ብቻቸውን ይኖራሉ። በልጅነታቸው የ1968ን ጭስ ያዩ የሰፈሩ ተወላጅ ናቸው። የሚከፍሉት ኪራይ በአካባቢው ከሚጠየቀው በጣም ያነሰ ነው።

ደላላው አጎቴን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «ቢፈልጉ ሻጩ ለሴትዮዋ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ያስለቅቃቸዋል፤ እርስዎም በአዲስ ዋጋ ያከራያሉ» አላቸው። በዚያ ከተማ ቤት ስለ ተሸጠ ብቻ ተከራይ አይባረርም፤ በገዛ ፈቃዱ ገንዘብ ተቀብሎ እንዲወጣ መስማማት ግን ይቻላል። እንደዚሁም ከአራት የማይበልጥ የሚከራይ መኖሪያ ያለው ግለሰብ ይህንኑ ካስመዘገበ የኪራይ ጣሪያው ሕግ አይይዘውም። ስለዚህ ሕጉም ሒሳቡም ለአጎቴ የሚያደሉ ነበሩ።

በዚያ ሌሊት አጎቴ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እኔም አልተኛሁም። አዲስ አበባ ውስጥ የምኖረው በሰው ግቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው፤ አከራዬ በሩን ባንኳኩ ቁጥር ኪራይ ሊጨምሩ ይሆን እያልሁ ልቤ ይመታል። ሆኖም ለአጎቴ ደግሞ በየወሩ የሚጐድለውን ገንዘብ የሚሞላላቸው ሌላ ሰው የለም፤ ማታ ማታ ተጨማሪ ሰዓት የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ምክር ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

በማግስቱ ሴትዮዋን ሊያነጋግሩ ሄድን። አጎቴ «እማማ» ብለው ጠሯቸውና ትርጕሙን ነገሯቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ስለ ቤቱ ጠየቋቸው። ባለሙያ መርማሪው ጣራውን፣ የመብራቱን መስመርና ቧንቧውን አይቶ ደኅና ነው ብሎ ነበር። እኚህ ሴት ግን ተነሥተው ከአልጋቸው ኋላ ያለውን ግድግዳ አሳዩን። «ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ ቀለም ቀብተውበታል» አሉ። ይህን ሲናገሩ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አጎቴ ፈርተው ቢሸሹ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ገዢ እሳቸውን ለማስወጣት የሚፈልግ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር። ዝም ቢሉ ግን የሚጐዳው አጎቴ ነው።

ከደጅ ስንወጣ አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይህን ግድግዳ ያሳየኝን ሰው አስወጥቼ፣ ከማን ጋር ልኖር ነው?» አሉኝ።

ውሃው የሚወገድበትን ቦይ ለማሠራት የሚያስፈልገው ወጪ ከዋጋው ተቀነሰላቸው። ኪራዩን ጨመሩ፤ ነገር ግን እሳቸውና ሴትዮዋ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ገቢና ወጪ በወረቀት ጽፈው ነው የተስማሙበት። የጐደለውን አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየነዱ ይሞሉታል። ባለቤታቸው በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ ደስ አላላቸውም፤ እውነት ለመናገር እሳቸውም አልተሳሳቱም።

እኛ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። ይህን ተረት ለመናገር ቀላል ነው፤ በየወሩ ከኪስ እያወጡ መፈጸሙ ግን ሌላ ነው።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ አንድ ቀን አጎቴ ስልክ ደወሉልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ማደሩን ነገሩኝ። «ታዲያ ግድግዳው?» አልኋቸው።

«ገና ሳይነጋ እማማ ከታች በዱላቸው ኮርኒሱን ደበደቡት፤ ደንግጬ ወረድሁ» አሉኝ። «ደረቅ መሆኑን ሊያሳዩኝ ኖሯል።»