የማን ደብዳቤ ይነበብ?

ሰሞኑን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የኩዌከር አገልጋዮች ስለተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ሳነብ ነው የከረምኩት። ኩዌከሮችን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ጦርነትን በመጥላታቸውና ባርነትን በመቃወማቸው ነው። እነዚሁ ሰላም ወዳድ ሰዎች በ1827 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊላዴልፊያ ላይ ለሁለት ተከፈሉ። በ1845 ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ወገን ኒው ኢንግላንድ ላይ እንደገና ተሰነጠቀ። ጠቡን ያባባሰውም፣ የተገፉትን ያጽናናውም፣ በመጨረሻ ማን ከማን ጋር እንደቆመ የለየውም ደብዳቤ ነበር።

ነገሩ የሚገባን አሠራራቸውን ስናውቅ ነው። ጳጳስ የላቸውም፤ በዚያ ዘመን ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰባኪም፣ ሁሉም ተቀብሎ የሚደግመው ጸሎተ ሃይማኖትም አልነበራቸውም። ጸጥ ብለው ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ መንፈስ ያነሳሳው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ተነስቶ ይናገራል። ጸጋው በጉባኤ የታወቀለት ሰው «አገልጋይ» ይባላል፤ እርሻውን እያረሰ፣ ንግዱን እየነገደ ያገለግላል። ሩቅ አገር ሄደህ ስበክ የሚል ሸክም ልቡ ላይ ሲያድርበት ለጉባኤው ያሳውቃል፤ ከተስማሙ መሸኛ ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ በደረሰበት አገርም ያ መሸኛ ይነበባል። የለንደን፣ የፊላዴልፊያ፣ የኒው ዮርክና የሌሎችም ዓመታዊ ጉባኤዎች በበኩላቸው በየዓመቱ የሰላምታና የምክር መልእክት ይለዋወጣሉ። ከዚህ በላይ ሆኖ የሚያስተሳስራቸው ሥልጣን አልነበረም። ስለዚህ አንድን ደብዳቤ አንብቦ መልስ መስጠት ማለት ላኪውን ወንድሜ ነህ ማለት ነበር።

የመጀመሪያው መከፋፈል ከኤልያስ ሂክስ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ሂክስ በሎንግ አይላንድ፣ ጄሪኮ በምትባል መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ለእሱ ከሁሉ የሚበልጠው በሰው ውስጥ ያለው ብርሃን ነው፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የክርስቶስን አምላክነትና የመጽሐፍ ቅዱስን ሥልጣን አሳነሰ አሉት። (እነሱም «ኦርቶዶክስ» ተባሉ፤ ከእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።) ከእንግሊዝ የመጣች አና ብሬዝዌት የተባለች አገልጋይ ቤቱ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። ብዙም ሳይቆይ የተነጋገሩት ነገር በወረቀት ሰፍሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ሂክስ እንዲህ አላልኩም ብሎ ፊላዴልፊያ ላለ ወዳጁ ለሐኪሙ ኤድዊን አትሊ ጻፈ፤ ያ ደብዳቤ ታተመ፤ እሷም በኅትመት መለሰች። በቤት ውስጥ የተደረገ ጨዋታ በጥቂት ወራት የአደባባይ ክርክር ሆነ። ጥፋቱ የአንዳቸው ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ሁለቱም እውነትን የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር። ግን ለአንድ ሰው የተጻፈ ቃል ለሺህ አንባቢ ሲቀርብ ቁጣው ይጎላል፤ በመካከላቸው የነበረው መከባበር አይታይም።

የደብዳቤው አካል ራሱ ይገርመኛል። ፖስታ የሚባል ማሸጊያ ገና አልተለመደም፤ ወረቀቱ ራሱ ተጣጥፎ፣ በሰም ታሽጎ፣ አድራሻው ጀርባው ላይ ይጻፍበታል። እስከ 1845 ድረስ በአሜሪካ አንድ ቅጠል ወረቀት ከ400 ማይል በላይ ሲሄድ ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር፤ ሁለት ቅጠል ከሆነ እጥፍ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ገጹን ከሞሉ በኋላ ወረቀቱን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም የሚጽፉ ነበሩ፤ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ወዳጅ ከተገኘም ደብዳቤውን በእጁ ይልኩበታል። ቀኑን ሲጽፉ «ሁለተኛው ወር» ይላሉ እንጂ የጣዖት ስም ያለበትን የወር ስም አይጠሩም። ሽማግሌና ወጣት፣ ባለጸጋና ድሃ ሳይለዩም አንዱ ሌላውን «አንተ» ይለዋል።

ሂክስ በ81 ዓመቱ፣ በየካቲት 1830፣ ለአገልጋዩ ለሂዩ ጀጅ የሚጽፈውን ደብዳቤ እንደጨረሰ ሽባነት መታው። አንደበቱም ተያዘ። በዚያ አልጋ ላይ የጥጥ ብርድ ልብስ ሲያለብሱት እየገፋ ይጥል ነበር፤ ጥጡ የባሪያ ጉልበት ያፈራው ስለነበር። በሱፍ ሲለውጡለት ተረጋጋ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አረፈ። በትምህርቱ ባልስማማም፣ ይህን ሰው ከመናፍቅነት ሌላ ስም ያልሰጡት ሰዎች አንድ ነገር ያመለጣቸው ይመስለኛል።

ሁለተኛው መከፋፈል ግን ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በሂክስ ላይ አብረው በቆሙት መካከል የተነሳ ነው። ጆን ዊልበር የሮድ አይላንድ አስተማሪ ነበር። ከ1831 እስከ 1833 በእንግሊዝ ሲያገለግል፣ ማኅበሩ ከጥንቱ ትምህርት እየሸሸ ነው ብሎ ለወዳጁ ለጆርጅ ክሮስፊልድ ተከታታይ ደብዳቤዎች ጻፈ፤ በ1832 ታተሙ። ያሳሰበው የጆሴፍ ጆን ገርኒ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። ገርኒ የኖርዊች ባለ ባንክ፣ የእስር ቤት ለውጥ አራማጇ የኤልዛቤት ፍራይ ወንድም፣ የተማረና ደግ ሰው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ማጥናትንና በክርስቶስ ደም መዳንን ያስቀድማል፤ ዊልበር ግን ይህ ሰውን በዝምታ ከመጠበቅ ያወጣዋል ብሎ ሰጋ። በ1837 ገርኒ መሸኛውን ይዞ አሜሪካ ገባ፤ እስከ 1840 ዞረ። ዊልበርም ስጋቱን በቃልም በደብዳቤም ለታመኑ ወዳጆቹ አካፈለ።

የተከሰሰው በዚህ ነው። የጻፈው እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው ወደ ጎን ተትቶ፣ መሸኛ የያዘን አገልጋይ በስውር ስሙን አጠፋ ተባለ። የራሱ ወርኃዊ ጉባኤ፣ ሳውዝ ኪንግስታውን፣ አልቀጣውም አለ። የበላዮቹ ያን ጉባኤ አፍርሰው አባላቱን ከግሪንዊች ጉባኤ ጋር ቀላቀሉ፤ ግሪንዊችም በ1843 ከአባልነት ሰረዘው። እዚህ ላይ ልቤ ከዊልበር ጋር ነው። ባልንጀራን በደብዳቤ ማማት ጥፋት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ጭንቀቱን ለወዳጁ የጻፈን ሽማግሌ ለመቅጣት ሲባል አንድ ሙሉ ጉባኤ ማፍረስ ከሐሜት የባሰ ነው።

በ1845 የኒው ኢንግላንድ ዓመታዊ ጉባኤ ተከፈለ፤ ወደ 6,500 የሚሆኑት ከገርኒ ወገን፣ ወደ 500 የሚሆኑት ከዊልበር ጋር። ሁለቱም «እኛ ነን ኒው ኢንግላንድ» ብለው ለሌሎቹ መልእክት ላኩ። የማን ደብዳቤ ይነበብ? ለንደን የብዙኃኑን ተቀበለች። ኦሃዮ ለዓመታት ስትጨነቅበት ቆይታ በ1854 ራሷም ተከፈለች። አንድን ወገን ሳይጎዳ የሚነበብ ደብዳቤ ጠፍቶ ነበር።

የፊላዴልፊያዋ ኦርቶዶክስ ጉባኤ የመረጠችው መንገድ ግን ከሁሉም የተለየ ነው። ከአባላቷ ብዙዎቹ ለዊልበር ያዘነብላሉ፤ የገርኒ ደጋፊዎችም ጥቂት አልነበሩም። ትክክለኛዋ ኒው ኢንግላንድ ማናት ብላ ከወሰነች እንደምትፈርስ ገባት። በ1857 ከሁሉም ዓመታዊ ጉባኤዎች ጋር መጻጻፍ አቆመች። ለንደንን ጨምሮ፣ ለማንም አልጻፈችም። ዳግመኛ ግን አልተከፈለችም። ይህን ውሳኔ ፈሪነት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ በስብሰባው ብኖር ከነሱ ጋር እቆም ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበሰቡ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ሁለት አዳራሽ እንዳይከፍቱ ሲሉ ነው ዝም ያሉት። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ዓመት ብቻቸውን ቆዩ፤ ከሩቅ ይመጣላቸው የነበረው ምክርና ወቀሳም ቀረባቸው።

በጉባኤዎቹ መካከል የነበረው በር ሲዘጋ ግለሰቦቹ መጻፋቸውን አልተዉም። ዊልበር በ1856 ሞተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሕይወት ማስታወሻው ሲታተም ደብዳቤዎቹም አብረው ወጡ። የኒው ኢንግላንዶቹ ሁለት ወገኖች እንደገና አንድ የሆኑት በ1945 ነው፤ ፊላዴልፊያ ላይ በ1827 የተለያዩት ደግሞ በ1955። ጠቡን የጀመሩት አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም።