የአንዲት ትንሽ አንባቢ ፍርዶች

ስለ ልጆች መጻሕፍት የሚጽፉት ሁልጊዜ አዋቂዎች ናቸው። የሚገዙትም፣ የሚመርጡትም፣ «ይህ ለልጅ ይበጃል፣ ይህ አይበጅም» ብለው የሚወስኑትም እነሱው ናቸው። አንባቢው ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ብዕሬን (ያው ግጥም ይሁን ስድ ንባብ ለይቶለት የማያውቀውን ብዕሬን) ለእህቴ ልጅ አውሼአለሁ። አሥር ዓመቷ ነው፤ እዚሁ መካነ ኢየሱስ፣ በአያቷ ቤት ከእኛው ጋር ትኖራለች። ስሟን እንዳልጽፍ ግን ከልክላኛለች፤ «ደራሲዎቹ ይቀየሙኛል» ብላ።

አንባቢ የሆነችበትን ምክንያት አስቀድሜ ላውሳ። አንደኛ ክፍልን በጨረሰችበት በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ተነሣ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማራ ክልል ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ፤ እሷም ከእነዚያ አንዷ ሆነች። ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ስለ ነበር የስልክ ጨዋታ የሚባል ማዘናጊያ አልነበረም። የቀራት ነገር በሟቹ አባቴ ሣጥን ውስጥ ያሉት መጻሕፍትና እኔ ነበርን። እኔ ባንኩ ክፍት በሆነባቸው ቀናት የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ። ማታ ማታ፣ መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለም በሻማ፣ አነብላት ጀመር። ዓመት ሳይሞላ መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀችኝ። አሁን የምታነበው እሷ፣ የምሰማው እኔ ነኝ፤ ፍርዱንም የምትሰጠው እሷ ናት።

ከሣጥኑ መጀመሪያ የወጣው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ሽፋን የለውም፤ ጠርዙንም አይጥ ቀምሶታል። በአባቴ ትውልድ ዘንድ ይህን መጽሐፍ በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ተማሪ አይባልም ነበር። እሷም ጮክ ብላ ማንበቡን ወደደችው፤ ቤት ሲመታ በእግሯ ወለሉን ትመታለች። ምክሩ ጋ ስትደርስ ግን ገጹን ትገልጣለች። «ለምን ዘለልሽው?» አልኋት። «ተረቱ ነግሮኛል እኮ! ይሄኛው ሁለተኛ ጊዜ ሊነግረኝ ነው» አለችኝ። መቼም ከበደ ሚካኤልን ያህል የግጥም አባት በአሥር ዓመት ልጅ ፊት ለፍርድ ማቅረብ ድፍረት ነው፤ ግን ነገሩን ሳሰላስለው ከእሷ ጋር ተስማማሁ። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ብዙዎቹን የልጆች መጻሕፍት ያከበደብን ይኸው ምክር ነው። እሳቸውስ ምክራቸውን በግጥም ውበት ያዋዙት ነበር፤ የዛሬዎቹ ውበቱን ትተው ምክሩን ብቻ ወረሱ።

አንድ ግጥም ግን ለሳምንት አከራክሮናል። ከበደ ሚካኤል ስለ አዝማሪና ስለ ውሃ ሙላት የጻፉትን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። አዝማሪው ከሞላው ወንዝ ዳር ቆሞ፣ እንዲያሻግረው ብሎ ውሃውን በዘፈን ያወድሳል። ውሃው ግን ሙገሳውን ሳይሰማ ይነጉዳል፤ የተወደሰው ሲያልፍ ሌላው ይተካል። በእኔ የትምህርት ዘመን የዚህ ግጥም ትርጓሜ አንድ ብቻ ነበር፤ አዝማሪው የከንቱ ድካም ምሳሌ ነው፣ አለቀ። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ወንዙ እስኪጎድል ምን ይሥራ ታዲያ?»

«ይጠብቃላ» አልኋት።

«እየዘፈነ ቢጠብቅ ምን አለበት? ዝም ብሎ ከመቆም አይሻልም?»

የእስቴ ልጅ ናትና የክረምት ወንዝ ምን እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ሞልቶ ሰውና ከብት ወዲያና ወዲህ ሲያቆም አይታለች። ይህን ያለችኝ ደግሞ ትምህርት ቤቷ በተዘጋ በሁለተኛው ክረምት ነው። መልስ አልሰጠኋትም። መጽሐፉን አጥፌ መብራቱን አጠፋሁት።

«ማሞ ቂሎ»ን ያገኘሁላት ባሕር ዳር ለሥራ በሄድሁ ጊዜ ነው። የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ራሱ ተረት ይመስላል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ በዚያ ሁሉ የዓለም ቋንቋ መጽሐፍ መካከል የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ፣ ከልጅነት የሚያውቁትን ተረት ራሳቸው ጽፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ከደራሲዋ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነው «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭነው በየሰፈሩ አዞሩ። (አህያ በኛ አገር ከዚህ የከበረ ሸክም ተሸክማ አታውቅም ብል ይከብደኛልን?)

የማሞን ነገር ታውቁታላችሁ፤ እናቱ ለትናንቱ ጥፋት የሰጠችውን ምክር ለዛሬው ነገር እያዋለ የሚያጠፋው ልጅ ነው። ዳኛዬ ግን የተከሳሹን መዝገብ ገልብጣ አነበበችው፦ «ማሞ ሞኝ አይደለም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። እናትየዋ ናት ሁልጊዜ ዘግይታ የምትመክረው!» እናቴ ቡና እየቆላች ትሰማ ነበርና «ኧረ በእናት አትፍረጂ፣ የኔ ልጅ!» ብላ ገሠጸቻት። እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ላለፈው ዓመት ችግር የወጣ መመሪያ ለዘንድሮው ሥራ ሲደርሰን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! የባንክ ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል።

በባንክ ሠራተኛነቴ የተነካሁት እዚያ ላይ ብቻ አይደለም። በ1943 እ.ኤ.አ. የታተመውን የፈረንሳዊውን የሴንት ኤግዙፔሪን «ትንሹ ልዑል» ከእንግሊዝኛው በቃሌ እየመለስሁ አነብላት ነበር። ከዋክብትን እየቆጠረ የእኔ ናቸው የሚለው፣ ቁጥራቸውንም በወረቀት ጽፎ ባንክ የሚያስቀምጠው ሰውዬ ጋ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ያ ወረቀት አንተ ጋ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። መጽሐፉን ከሁሉ አስበልጣ ትወደዋለች። ምክንያቷን ስጠይቃት «አዋቂዎች እንደማይገባቸው ስለሚናገር» አለች። ሌላ ማብራሪያ አልተጨመረበትም።

በእኔ ልጅነት መጽሐፍ ብርቅ ቢሆንም ተረት አልጠፋም ነበር። አባባ ተስፋዬን ያየኋቸው ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ብቻ ነው፤ እሳቸው ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው አርባ ዓመት ላለፈ ጊዜ ለኢትዮጵያ ልጆች በቴሌቪዥን ተረት የነገሩ ናቸው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆኑ ጓደኞቼ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እዚህ ግን ተረቱ የእናቴ ነበር፤ አያ ጅቦና እመት ጦጢት ከምድጃው ዳር አይጠፉም። የእህቴ ልጅ በእነዚህ ላይም አስተያየት አላት። «ጅቡ ለምን ሁልጊዜ ይሞኛል? በሌሊት ከግራር ሥር የሚጮኸው ጅብ እኮ ሞኝ አይመስልም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ፈርተነው የምናድረውን አውሬ ነው ቀን ቀን በተረት የምንበቀለው።

ይህ አገር ለንባብ እንግዳ አይደለም። በጎረቤታችን በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ አለ፤ ሊቃውንቱ ከየአቅጣጫው እየመጡ የተመረቁበት። በእስቴም ከየኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ሞልቷል። ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልጅ ለራሱ ደስታ ብሎ፣ ማንም ሳያስደግመው፣ የሚያነበው መጽሐፍ እዚህ ከተማ የት ይገኛል? በጽሕፈት መሣሪያ ሱቆቹ መደርደሪያ ላይ ከደብተሩና ከእስክሪብቶው ጎን የሚታየው የፈተና ጥያቄና መልስ ነው። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ማሳተም ውድ ነው፤ ወረቀቱ ከውጭ ይመጣል፤ የታተመውም አዲስ አበባ ይቀራል። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤሊዛቤት ሌርድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ክልል ከክልል ዞረው የአገራችንን ተረቶች ሰበሰቡ፤ ምስጋና ይድረሳቸው። እኔ የምቆጨው እንግዳ ስለ ሰበሰበው አይደለም። የእናቴ ተረት በእንግሊዝኛ ከመደርደሪያ ላይ ሲገኝ በአማርኛ፣ ለዚያውም ለመካነ ኢየሱስ ልጅ እጅ በሚደርስ ዋጋ፣ መታጣቱ ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ስል የግዢ ዝርዝር ሰጠችኝ። አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጅቡ የሚያሸንፍበት መጽሐፍ»። ሁለት መጽሐፍ ቤቶች ጠየቅሁ፤ ሻጮቹ ሳቁብኝ። ባዶ እጄን ስመለስ አልተከፋችም፤ የድሮ የሒሳብ ደብተሯን ገልብጣ ከኋላው ራሷ መጻፍ ጀምራለች። ትናንት ማታ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበረች። ጅቡ ገና አልመጣም፤ ወንዙ ሞልቶበት ወዲያ ማዶ ቆሟል።