ቢላው ያለው በሴቶቹ እጅ ነው

የልጅ ልጄ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዕፅዋት ሳይንስ ስትመርጥ፣ ከዘመድ መካከል «ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ ማሳ ለማሳ ልትዞር?» ያሉ ነበሩ። ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ እኔም ቅር የሚለኝ መስሏቸዋል። ጭራሽ ቅር አላለኝም።

ወደ ጨንቻና ዶርዜ ሲወጡ ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው። ቆጮውና ቡላው ለሰው፣ ቅጠሉ ለከብት፣ ቃጫው ለገመድ። በደጋ አንዱ ተክል ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ «አጠውልግ» የሚባለው በሽታ ሲገባ የሚወስደው የአንድ ክረምት ምርት ብቻ አይደለም። ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት እስኪደርስ የተለፋበትን ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ዋና መተላለፊያው ደግሞ ቢላ ነው፤ የታመመውን የቆረጠ ስለት ጤነኛውን ሲነካ አለቀ።

መከላከያው ቀላል ነው። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ከብት ከዚያ ጓሮ ማራቅ፣ ቢላውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ። መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጣ። ጤና ጣቢያ መቀስ ስንቀቅል የኖርነው ለዚሁ አይደል?

ችግሩ፣ ስልጠና ሲኖር ብዙ ጊዜ የሚጠራው አባወራው ነው። ቅጠል የምትቆርጠው፣ እንሰቱን የምትፍቀው ግን እማወራዋ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከግብርናው የሞዴል ገበሬን አሠራር ተውሶ ነበር፤ ሴት ሠራተኞቹ ግን ጓዳ ድረስ ገቡ። ግብርናው ይህን መልሶ ቢዋስ ምን አለበት?

ስለ አገር ኢኮኖሚ ሲወራ ስንዴና ቡና ይጠቀሳል፤ እንሰትን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እንሰቱ ያለቀበት ቤት ግን እህል ከገበያ ይገዛል፣ ላሙን ይሸጣል፣ ልጁን ከሸማኔ ዘመድ ጋር ሽሮ ሜዳ ይልካል። እኔ ይህን ያየሁት በሪፖርት ሳይሆን የሕፃናት ክንድ ስለካ ነው።

ባለፈው ለመስክ ልምምድ ልትወጣ ስትል፣ «እማዬ፣ እናንተ እናቶችን ለክትባት እንዴት ነበር የምትሰበስቡት?» አለችኝ። በገበያ ቀን እንዳትሞክሪው፤ ቡና የሚፈላበትን ሰዓት ጠብቂ፤ ከሁሉ በፊት አማቲቱን አስፈቅጂ፣ አለዚያ ምራቲቱ አትመጣም አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው።