ጃፓን ማን ይሁን?

በሰፈራችን ከቪዲዮ ቤት እንደወጣን የመጀመሪያው ጥያቄ «ጃፓን ማን ይሁን?» የሚል ነበር። ብሩስ ሊን ለመሆን ሁላችንም እንሻማለን፤ ቀድሞ የጮኸ ወይም ጉልበት ያለው ይወስደዋል። ጃፓን መሆን የሚፈልግ ግን የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጃፓን የሚሆነው አንድ ልጅ ነበር። ከመካከላችን ትንሹ እሱ ነው። የመግቢያ ሳንቲም ስለማያገኝ ፊልሙን የሚያየው በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቆ ነው። ፊልሙን ግማሹን ያያል፣ ዱላውን ግን ሙሉውን ይቀበላል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያስታወሰን ሰሞኑን በዶርማችን የተነሣ ክርክር ነው። ክርክሩ «ከካራቴና ከኩንግፉ የቱ ይበልጣል?» የሚል ነበር። አንዱ ወዳጃችን አልጋው ላይ ቆሞ ለኩንግፉ ተሟገተ፤ ሌላው ለካራቴ ጮኸ። ማስረጃቸው ምንድን ነው ቢሉ፣ ፊልም! አንዳቸውም የካራቴ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። እኛም ብንሆን ከነሱ አንሻልም። ስለ ድብድብ ጥበብ የምናውቀውን ሁሉ የቀዳነው ከፊልም ነው። ታዲያ ፊልሙ ምን አስተማረን? ብለን ራሳችንን ጠየቅን።

እስቲ ሰፈሩን ሁሉ ካበደበት ፊልም እንጀምር። ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» ታሪኩ በሻንጋይ ነው። ቼን ዠን የሚባል ተማሪ መምህሩ ሞቶበት ይመጣል። ጃፓኖቹ ደግሞ ኀዘን ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት መጥተው ቻይናውያንን «በሽተኞች» ብሎ የሚሰድብ ጽሑፍ ያስረክባሉ። ቼን ዠን ጽሑፉን ይዞ ብቻውን ወደ ጃፓኖቹ ማሠልጠኛ ይሄዳል። ያለውን ሰው ሁሉ በካልቾና በነንቻኩ ያነጥፈዋል። መምህሩ ኹዎ ዩዋንጅያ በእውን የነበረና በ1910 የሞተ ሰው ነው፤ ቼን ዠን ግን የፈጠራ ሰው ነው። የፈጠራ ሰው ቢሆንም የሚያወጣው ንዴት የፈጠራ አይደለም። በዚያች ከተማ ባዕዳን ሲያዙ ኖረዋል፤ ጃፓንም ቻይናን በ1937 በሙሉ ጦርነት ወርራለች። ስለዚህ የሆንግ ኮንግ ተመልካች ቢያጨበጭብ አይገርምም። እኛም ወራሪን ስለመመከት በተረት እየሰማን ያደግን ልጆች ነንና ማንም ሳያስረዳን ገብቶናል። አጨበጨብን፣ አግዳሚ ወንበሩን ደበደብን።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ያልነገረን ነገር አለ። ያ የተደበደበው ካራቴ የመጣው ከኦኪናዋ ደሴት ነው። እዚያ የሀገሬው የድብድብ ስልት ከቻይና ከመጣው ጋር ተዳቅሎ የተወለደ ነው። ስሙ ራሱ ቀድሞ «የቻይና እጅ» የሚል ትርጉም ባለው ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በ1930ዎቹ ነው አነባበቡ ሳይለወጥ «ባዶ እጅ» ተብሎ መጻፉ የጸናው። ብሩስ ሊ ጃፓኖቹን የቀጠቀጠበት ነንቻኩስ? እሱም ከኦኪናዋ መሣሪያዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ጠብ የዘመዳሞች ጠብ ኖሯል!

በዚህ ደግሞ እኛ ልንስቅ አንችልም። በሰፈራችን ጠብ ሲነሣ በምን እንማታለን? በቴስታና በካልቾ። ሁለቱም ቃላት የጣልያን ናቸው፤ አንዱ ራስ፣ አንዱ ርግጫ ማለት ነው። አባቶቻችን የተዋጉትን ሰው ቋንቋ ይዘን ነው እርስ በርስ የምንፈነካከተው።

ወደ ካራቴ እንመለስ። በቻይና ፊልም ካራቴ ክፉ ቢሆን ጃፓናዊ ስለሆነ ነው እንበል። ታዲያ በጃፓን ፊልምስ? ታላቁ ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ በ1943 የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው ስለ ጁዶ ነው። ርእሱ «ሳንሺሮ ሱጋታ» ነው። ሁለተኛውን ክፍል በ1945፣ ጦርነቱ ሳያልቅ አወጣ። በዚህኛው የጁዶው ጀግና አሜሪካዊ ቦክሰኛ ይጥላል፤ ዋነኞቹ አስፈሪ ጠላቶቹ ግን ካራቴ የሚያውቁ ወንድማማቾች ናቸው። በገዛ ሀገሩ ፊልም ካራቴ ክፉ ሆኖ አረፈው! በ1984 በወጣው የአሜሪካኖቹ «ካራቴ ኪድ» ደግሞ ሚያጊ የሚባሉት የኦኪናዋ ሽማግሌ በካራቴ ትዕግሥትን ያስተምራሉ። ከሳቸው ተማሪ ጋር የሚጋጠሙት ጨካኞች የተማሩትም ያንኑ ካራቴ ነው። ቡጢው ያው ቡጢ ነው፤ ክፉና ደግ የሚያደርገው ታሪኩን የሚያወራው ሰው ነው። የዶርማችን ተከራካሪዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ቶሎ በተኙ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የፊልም ድብድብ ግማሹ ዳንስ ነው። ጃኪ ቻን ለምሳሌ በልጅነቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። መገለባበጡን፣ መውደቁን፣ ምቱን ጠብቆ መንቀሳቀሱን የተማረው ለመድረክ ነው። በ1978ቱ «ድራንክን ማስተር» እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሲማታ የምናየው ያንን ችሎታ ነው። ተደባዳቢዎቹ ከመማታታቸው በፊት የስልታቸውን ስም መጥራታቸውም ቢሆን ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የኛም ጀግና ሳይፎክር መች ይነሣል? ጠላት ተራውን ጠብቆ አንድ በአንድ መምጣቱ ግን የሚገኘው በፊልም ብቻ ነው።

ጃኪ ቻንን የምንወድበት ምክንያት አለን። በብዙ ፊልሞቹ መጨረሻ ላይ ሲቀርጹ የተበላሸውን ያሳያል፤ ሲስት፣ ሲወድቅ፣ ሲያነክስ። በ1986 የወጣውን «አርመር ኦፍ ጎድ»ን ዩጎዝላቪያ ውስጥ ሲሠሩ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሯል። ሰው ሲመታ እንደሚያመው ያሳየን እሱ ነው። በሌሎቹ ፊልሞች ግን የወደቀው ሰው ከካሜራው ይወጣና ይረሳል። እናት አለው? ማን አነሣው? ማንም አይጠይቅም። እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ቀን የመጥረጊያ እንጨት ለሁለት ቆርጠን፣ በገመድ አያይዘን ነንቻኩ ሠራን። ያ ትንሽ ልጅ እንደተለመደው ጃፓን ሆነ። ያን ዕለት ግን እምቢ ብሎ ነበር። «ዛሬ እንኳ እናንተ ጃፓን ሁኑ» አለን። ሳቅንበት። እንጨቱ ተሽከርክሮ ቅንድቡ ላይ አረፈ። እሱ ተቀመጠ፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ወረደ። እኛ ምን ብንል ጥሩ ነው? «ተነስ እንጂ፣ ገና አላለቀም!» አልነው። እስካሁን «እኛ» እያልን የጻፍነው የማን እጅ እንደነበር ለመሸሸግ እንዳይመስል፤ በዚያ ቀን ብሩስ ሊ የነበርነው እኛው ጸሐፊው ነን። ጤና ጣቢያ ተወስዶ ተሰፋ። እናቱ «ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» ሲሉት «ወድቄ ነው እማዬ» አላቸው።

ይህን የምናስታውሰው አንድ ሌላ ፊልም ስላየን ነው። ላው ካር ሊውንግ በ1978 የሠራው «ሂሮስ ኦፍ ዘ ኢስት» ይባላል። አንድ ቻይናዊ ጃፓናዊት ያገባል። ባልና ሚስት የማን ሀገር ጥበብ ይበልጣል እያሉ ሲጣሉ ቤቱ ይፈርሳል፤ እሷ ሀገሯ ትገባለች። እሱ እንድትመለስ ብሎ እልህ የሚያስገባ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ደብዳቤው ግን ጃፓንን ሁሉ እንደተፈታተነ ይቆጠርበትና ሰባት ሊቃውንት ይመጡበታል። ሰይፍ በሰይፍ፣ ጦር በጦር፣ ካራቴን በሰካራም ቡጢ ይገጥማቸዋል። ማንም አይሞትም። የተሸነፈው ሰው ከነክብሩ ከካሜራው ፊት ይቆማል። የሆንግ ኮንግ ፊልም ነውና የሚያሸንፈው ያው ቻይናዊው ነው፤ ጃፓኖቹ ግን ሰዎች ናቸው። ከብሩስ ሊ ፊልም በስድስት ዓመት ብቻ የሚዘገይ ፊልም ነው። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ይህን ቢያሳዩን ኖሮ ምን እንጫወት ነበር? እያልን አሰብን።

ለፋሲካ ወደ ቤት ስንሄድ ያንን ልጅ ፈለግነው። ጋራዥ ይሠራል፤ ከብዙዎቻችን በቁመት በልጧል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳው አለ። የገረመን ግን ሰፈሩ በሙሉ እስከ ዛሬ «ጃፓን» ብሎ የሚጠራው መሆኑ ነው። አለቃው «ጃፓን፣ ቁልፍ አቀብለኝ» ይለዋል፤ የሻይ ቤቷ ልጅ «ጃፓን፣ ሂሳብ አለብህ» ትለዋለች። ያን ስም ያወጣንለት እኛ ነን።

በክርስትና ስሙ ጠራነው። ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው እንዳለ አየ። ከዚያ ሳቀ። ይቅርታ ለማለት የተዘጋጀነውን ረጅም ንግግር ጀምረን መሀል ላይ ጠፋብን። እሱም ዘይት የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዝም ብሎ አዳመጠን። ስለ ሰባቱ ጃፓኖች ፊልም ስንነግረው ግን ዐይኑ በራ።

«አንዳቸውም አይሞቱም?» አለ።

«አንዳቸውም።»

«በሉ አምጡትና እንየው» አለን። «ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው።»