የኢራቁ ጦርነት ዝርዝር ላይ እኛም ነበርን

ሰኔ 2017 ላይ እስራኤል፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደግሞ አሜሪካ የኢራንን የኒውክሌር ተቋማት ከደበደቡ ወዲህ፣ ጣና ዳር ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ የዩራኒየም ባለሙያ ሆኗል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሃይማኖት ይጀመራል፤ አንዱ ለእስራኤል፣ ሌላው ለኢራን ጠበቃ ይቆማል። ቦምቡ መኖሩን በምን እናውቃለን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ራሳችን በተመሳሳይ ጦርነት ስማችንን ማስመዝገባችንን የሚያነሳ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

መጋቢት 1995 አሜሪካ ኢራቅን ስትወር ዋይት ሐውስ የደጋፊ አገሮችን ስም ዝርዝር አወጣ። ኢትዮጵያ አለችበት። ኤርትራም አለችበት! በባድመ ምክንያት የተላለቁት ሁለቱ አገሮች ባግዳድ ላይ ተስማሙ። ወታደር አልላክንም፤ የላክነው ስማችንን ነው። ያ ዓመት ከ13 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የምግብ እርዳታ የሚጠብቅበት፣ ከእርዳታውም ትልቁ ድርሻ ከአሜሪካ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። በድንበሩ ውሳኔ ላይም ሁለቱም መንግሥታት የዋሽንግተንን ጆሮ ይፈልጉ ነበር። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱን ከዚህ ርቆ መፈለግ አያስፈልግም።

ማስረጃ የተባለው ምን ነበር? የኒውክሌሩ ጉዳይ በዋናነት ሁለት ነገር ላይ ቆሞ ነበር፦ ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ሞክራለች የሚል ወሬና የአሉሚኒየም ቱቦዎች። የካቲት 28 ቀን 1995 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ ለጸጥታው ምክር ቤት የኒጀሩ ሰነድ እውነተኛ አለመሆኑን፣ ቱቦዎቹም ለዩራኒየም ማበልጸጊያ የታሰቡ እንደማይመስሉ ተናገሩ። ተቆጣጣሪዎቹ ያኔ ኢራቅ ውስጥ ሥራ ላይ ነበሩ። በ13ኛው ቀን ጦርነቱ ተጀመረ። በኋላ አሜሪካኖቹ ራሳቸው አገሩን አስሰው የኒውክሌር ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ መቆሙን አረጋገጡ።

"ማስረጃ እስኪሟላ ከጠበቅን ፍንዳታው ራሱ ማስረጃ ይሆናል" የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ኢራንም ኢራቅ አይደለችም፤ እስከ 60 በመቶ የበለጸገ ከ400 ኪሎ በላይ ዩራኒየም እንዳላት የመዘገበው ኤጀንሲው ራሱ ነው። ለተለመደው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ5 በመቶ ያልበለጠ ይበቃል። ስለዚህ ጥርጣሬው ከሜዳ አልተነሳም። ግን ኤጀንሲው ቦምብ ለመሥራት የተደራጀ ጥረት ስለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለውም በዚያው ሰሞን ተናግሯል። በቡናው ክርክር ይህን ሁለተኛውን የሚጠቅስ የለም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ታህሳስ 1928 ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ ጥርጣሬ አልነበረም። የተቃጠለ ገላ ነበር፣ ያከሙ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ነበሩ፣ ጣሊያን የፈረመችው የጄኔቫ ስምምነትም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ቆመው ተናገሩ፤ የመንግሥታቱ ማኅበር በቀጣዩ ወር በጣሊያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሳ። ካሳው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመው በዚያ ገንዘብ ነው። በተረጋገጠው ያልተነሳ ዓለም በተጠረጠረው ሲዘምት ሳይ፣ መሣሪያው ሳይሆን የባለቤቱ ማንነት ይታየኛል።

አሁን ደግሞ ተራው ወደ እኛ እየመጣ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ኢትዮጵያ ለሰላማዊ አገልግሎት የኒውክሌር ማመንጫ እንደምትገነባ ተነገረ፤ መስከረም ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ገና ውሃ ስለያዝን ብቻ፣ ጥቅምት 2013 ዶናልድ ትራምፕ ግብጽ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል ሲናገሩ ዓባይ ከጣና በሚወጣባት በዚህች ከተማ ቁጭ ብለን ሰምተናል። ሬአክተር ሲጨመርበት ምን እንደሚባል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ታዲያ ኢራንና እስራኤል ትንሽ ይረፉና ስለ ራሳችን እንጠይቅ። ነዳጁን ማን ያቀርባል? ያገለገለው ነዳጅ አገር ውስጥ ይቀራል ወይስ ሩሲያ ይመለሳል? ማመንጫው የት ይተከላል? የኤጀንሲው ተቆጣጣሪዎች ከመሠረት ድንጋዩ ጀምሮ ይገባሉ ወይስ ጎረቤት መጮህ ሲጀምር? ስምምነቱስ እንደ 1995ቱ ዝርዝር ከውጭ ዜና ነው የምንሰማው፣ ወይስ ምክር ቤት ቀርቦ በአደባባይ ይነበብልናል?